ለረቡዕ አጥቢያ የተወለዱት

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጭላሎ ተራራ ዛሬም አልታየም። ጉሙ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ድረስ ወርዷል።

ወይዘሮ ወለላ መንታ ልጆቿን አንዱን አዝላ አንዱን አቅፋ መጣች። የተወለዱት ሰኔ 25፣ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። አንደኛው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ ሁለተኛው ጎህ ከቀደደ በኋላ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ያተምንላት የልደት ዝርዝር ላይ ግን ሁለተኛው ቀድሞ፣ አንደኛው ተከትሎ ተቀምጧል።

"ታላቁን ታናሽ አደረጋችሁት። ብኩርናውን ማን ነው የሸጠው?" አለችኝ። ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ክፍሌ ገባሁ።

ጥፋቱ የደንቡ ነው። የልደት መዝገቡን የሚይዘውን ማሽን ሳስተምረው ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሌሊቱ ይከተላል ብዬው ነበር። አዋላጆቹ ግን ሰው እንደሚናገረው ነው የሚጽፉት፤ ለረቡዕ አጥቢያ የተወለደውን "ረቡዕ" ይሉታል። ስለዚህ የረቡዕ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከረቡዕ ጠዋት በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም። ሁለት መስመር አስተካከልኩ። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለው ሰዓት ከእንግዲህ ከቀኑ ይቀድማል። የመንታዎቹን ዝርዝር እንደገና አተምኩ፤ ታላቁ ታላቅ ሆነ።

ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሁለት መስመር ነው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዝናብ። መብራት ጠፍቷል፤ ስለዚህ መጻፍ ይቻላል።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የሚያገኝ ሰው ሥራዬን ይወቅ። ዳታቤዝ፣ ማለትም መዝገብ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ከሠሪዎቹ ሲመጣ ቁጥር ያውቃል፣ ጽሑፍ ያውቃል፣ የፈረንጅ ቀን ያውቃል። የእኛን አሥራ ሦስት ወርና የእኛን ሰዓት አያውቅም። ሌሎች ወደ ፈረንጅ ቀን እየለወጡ ያስገቡና ሲመልሱት አንድ ቀን ይስታሉ። እኔ የራሴን የቀን ዓይነት ሠራሁ። ስሙን "ልደት" አልኩት። አዲስ ዓይነት ለሚሠራ ሰው ለማሽኑ ሦስት ነገር መንገር ይበቃዋል፦ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሁለት ሲገናኙ የትኛው እንደሚቀድም። ዋናው ሦስተኛው ነው። ማውጫው የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ኮምፒውተር የተማሩት ወጣቶች ኢንዴክስ ይሉታል፤ እኔ ማውጫ እላለሁ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ልደት አለን። ማሽኑ አንድ ልጅ ሲፈልግ ሁሉንም አያነብም። ሁሉም አስቀድመው በተርታ ተሰልፈዋል። መሃል ላይ የቆመውን "የምፈልገው ካንተ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" ብሎ ይጠይቃል። በፊት ከሆነ የኋላውን ግማሽ ይተዋል፤ ተመልሶ አያየውም። እንዲህ እያለ በአሥራ ሁለት ጥያቄ ከልጁ ፊት ይደርሳል። በተርታው ላይ እምነት ከሌለ ፍለጋ የለም።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። የመንግሥት እርሻ መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ይዤ፣ ጡረታ ልወጣ ስል፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው ኮምፒውተር የነካሁት። አሁን ሰባ አንድ ሆኖኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ የእናቶች ጤና ጣቢያ ሲከፍት መዝገቡን እኔ ሠራሁ። ያኔ የወረቀቱን መዝገብ አስቀረሁት። ሁለት መዝገብ ማለት ሁለት እውነት ማለት ነው።

ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሶረቲን። የጉባኤያችን ልጅ ናት፤ የሌሊት መዝጋቢያችን። በርቀት ተምራ ዲግሪ ያዘች። ዲግሪው ከመጣ ወዲህ ጥያቄዋ በዝቷል። ባለፈው ወር "አባኮ፣ ደንብ ስንቀይር የሚጻፍበት ደብተር ይኑረን" አለችኝ። አባቴ ማለቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምትጠራኝ። ደንብ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልረሳም አልኳት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጋሪ ነጂው ሁሴኖ መጣ። ልጁ ሰኔ 18 ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተወለደ የሚል የእኛ ካርድ ይዟል። የልደት ምስክር ወረቀት እንዲወጣለት የእኛ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቀኑንና ሰዓቱን አስገብቼ ፈለግኩ።

"የለም" አልኩት።

"ማን ነው የሌለው?"

"ልጅህ። መዝገብ ላይ የለም።"

"ኦቦ ቱፋ፣ ልጁ ቤት ነው ያለው። ሲያለቅስ ኦጎልቾ ድረስ ይሰማል። ያልሰማው የእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ ነው።"

ሲስተር መክሊት፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ከወሎ የመጣች ሴት ናት፤ ነገር ሲጋጋል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። "በእናቱ ስም ብንፈልገውስ?" አለች በቀስታ። ስም ይመሳሰላል፤ ሰዓት አይመሳሰልም። በስም መፈለጊያ አልሠራሁም፤ አልሠራምም።

አዋላጆቹ ለራሳቸው የሚይዙትን ማስታወሻ ደብተር አየን። ልጁ በእርግጥ ተወልዷል። እንግዲያው ያልሆነው ነገር አንድ ነው፤ ወደ ማሽኑ አልገባም። ያን ሌሊት መዝጋቢዋ ሶረቲ ነበረች።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሁለት ተጨማሪ። ሁለቱም የሌሊት። የለም፣ የለም። ጉልበቴን ብርዱ ያዘው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከጸሎት ስንመለስ ባለቤቴ ትርፌ ክንዴን ይዛ በጭቃው እየተራመደች፣

"ልጅቷን ጠየቅካት?" አለችኝ።

"ምን እጠይቃታለሁ? መዝገቡ ይናገራል።"

"መዝገቡን የሠራው ማን ነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው እየተናገርክ ያለኸው አንተ ነህ።" ጥቂት ሄደን ቆመች። "አንተ ሰውዬ፣ አርባ አራት ዓመት አብሬህ ኖርኩ። ስህተት ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ጎረቤት ነው የሚያድረው።"

ዓይኔን ጭቃው ላይ አደረግኩ። መንገዱ ያዳልጥ ነበር።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሰባት ሆኑ። ሰባቱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተወለዱ። ሶረቲን ከተራዋ ስትወጣ ጠብቄ አነጋገርኳት።

"አስገብቻቸዋለሁ" አለች።

"ካስገባሽ የት ሄዱ?"

"እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።"

ይህ እውነት ነው። የዋናውን ማሽን የይለፍ ቃል ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

"ሰው ሲያንቀላፋ ይረሳል" አልኳት።

"ሳንቀላፋ አይተውኝ ያውቃሉ?"

"ሌሊት እዚህ አልመጣም።"

"እንግዲያው አላዩም።" ቦርሳዋን አነሳች፤ ከበሩ ተመለሰች። "ማሽኑን፣ ማውጫውን ትተህ ከዳር እስከ ዳር አንብብ ይበሉት። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ማውጫ ያለው ሰው ከዳር እስከ ዳር አያነብም" አልኳት።

ስትወጣ "ደህና ይዋሉ፣ ኦቦ ቱፋ" አለች። አባኮ አላለችም። ቀኑን ሙሉ ይህን አላሰብኩትም።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ዘጠኝ። ሶረቲ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ "ሲመችዎት" ብላ ሄደች። ሰበብ አላነብም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ሁሴኖ ዛሬም መጣ። አጥሩ ዳር ፈረሱን አቁሞ "ተገኘ?" ብሎ ጮኸ። አልተገኘም። "ልጁ እኮ ሳቅ ጀመረ!" አለና ሄደ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

የጤና ጣቢያው ኮሚቴ ተሰበሰበ። አሥራ አንድ ልጆች መዝገብ ላይ የሉም፤ አሥራ አንዱም የሶረቲ ተራ ናቸው። ሰብሳቢያችን ፊሊጶስ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ለስላሳ ሰው። "ማስጠንቀቂያ ይበቃታል፤ ልጃችን ናት" አለ።

"ልጃችን መሆኗ መዝገቡን አይሞላም" አልኩ። "የማይመዘግብ መዝጋቢ አይደለም። ትውጣ።"

ሌላ ማንም ማሽኑን ስለማያውቅ ሌላ ማንም አልተከራከረኝም። ነሐሴ 30 ሥራዋ ያበቃል፤ ደብዳቤው ተጻፈላት። የቸልተኝነት ጥፋት ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዛ በዚህ ከተማ መዝገብ የሚያስነካት አታገኝም። ይህን አውቄ ነው የፈረምኩት።

ዛሬ ስለ መጋዘኑ ደጋግሜ አሰብኩ። እርሻው ላይ ሳለሁ አርባ ጆንያ የዘር ገብስ ጎደለ ተብዬ አምስት ወር ከሥራ ታግጄ ነበር። ጆንያው ጎን ባለው መጋዘን ተገኘ፤ ሌላ ሰው በሌላ ቁጥር አስገብቶት። መልሰው ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። መዝገብ ላይ ጠንካራ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ነገሩ አይገናኝም።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

አሥራ ሁለተኛው። ግን ይህኛው የቀን ነው። ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ሴት ልጅ።

"ሶረቲ በቀንም ትረሳ ነበር ማለት ነው" አልኩ።

ሲስተር መክሊት የተራ ሰሌዳውን አገላብጣ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያን ሳምንት ሶረቲ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ እህቷን ልትጠይቅ አቦምሳ ሄዳ። በቀን የመዘገቡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

ሰሌዳውን ከእጇ ተቀብዬ አየሁት። የእኔ ስም ነው።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ስብከቱን አልሰማሁም።

ያቺን ልጅ አስታውሳታለሁ። ግንባሯ ላይ እንደ ባቄላ ያለ ምልክት ነበራት። አባቷ "ይህንንም ጻፉት" ብሎኝ፣ ለምልክት ቦታ የለውም ብዬ መለስኩለት። እኔ ነኝ ያስገባኋት። በእነዚህ ጣቶች።

እኔ ያስገባሁት አይጠፋም።

ሶረቲ ትናንት ወደ አቦምሳ ሄደች። እስከ መናኸሪያ ሻንጣዋን የወሰደላት ሁሴኖ ነው አሉ። የመዝገብ ክፍሉ በር ላይ ጃንጥላዋ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ትርፌ ከትናንት ጀምሮ ከ"ብላ" እና ከ"ተኛ" በቀር አላናገረችኝም።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክፍሌን ዘግቼ ማሽኑን አዘዝኩት፦ ማውጫውን ተወው፣ ከዳር እስከ ዳር አንብብ።

አነበበ። ሰኔ 18፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወንድ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ አባት ሁሴኖ። መዝጋቢ፦ ሶረቲ። አሥራ ሁለቱም አሉ። አንድም የጎደለ የለም። ባለ ምልክቷም አለች። መዝጋቢ፦ ቱፋ።

የልጆቹን ተርታ ከላይ ወደ ታች ተከተልኩት። ከዚያ ገባኝ። ልጆቹ የተሰለፉት በድሮው ደንብ ነው፤ ቀን ቀድሞ፣ ሌሊት ተከትሎ። ሐምሌ 9 ደንቡን ቀየርኩ፤ ሰልፉን ግን አላነሳሁትም። ማሽኑ የሁሴኖን ልጅ ሲፈልግ፣ በዚያው ረቡዕ ረፋድ የተወለደ ሌላ ልጅ መሃል ላይ አጋጠመው። በአዲሱ ደንብ አጥቢያ ከረፋድ ይቀድማልና ወደ ፊተኛው ግማሽ ሄደ። ልጁ የቆመው ግን በድሮ ቦታው፣ በኋለኛው ግማሽ ነው። ማሽኑ አንዴ የተወውን ግማሽ ተመልሶ አያይም። ባለ ምልክቷም እንዲሁ ናት፤ በዚያው ቀን አጥቢያ ሌላ ልጅ ተወልዷል፣ መንገዱ በተቃራኒው ሳተ። አዲሱ ደንብ ትክክል ነው። ድሮ የተሰለፈውም በጊዜው ትክክል ነበር። ሁለቱን ሳላስማማ የተውኩት እኔ ነኝ።

ማውጫውን እንደ አዲስ ሥራ አልኩት። አራት ሴኮንድ ፈጀ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ፣ እንዲህ ያለ የተደበቀ ነገር አገኘሁ ብዬ ወንበሬን ገፍቼ ቆምኩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

"ኦቦ ቱፋ፣ የጠፉት ዘጠኙም በተወለዱበት ቀን በብርሃንም ሌላ ልጅ ተወልዷል። ሌሊት ብቻ ልደት ያለባቸውን ቀኖች ሞክሬ ሁሉንም አገኘኋቸው። የረሳሁ እኔ ብሆን፣ ጠዋት ሌላ ልጅ እንደሚወለድ አውቄ መርጬ አልረሳም። የሚቀድመውን የሚወስነው ደንብ ሰሞኑን ተነክቷል? ከተነካ ማውጫው እንደገና ተሠርቷል? በተርታው ላይ እምነት ከሌለ ፍለጋ የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ነሐሴ 12። ሶረቲ።"

ሃያ ሁለት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አራት ሴኮንድ።

መስከረም 4፣ እሑድ

ኮሚቴውን ከጸሎት በኋላ አስጠራሁ። ቆሜ ተናገርኩ። ፊሊጶስ ሰምቶኝ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ኦቦ ቱፋ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ተሳስቶ ነበር ብለን እንጻፍና ልጅቷን እንመልሳት። ማንም አይጎዳ።"

"ማሽኑ አልተሳሳተም። የሰጠሁትን ደንብ ነው የተከተለው። የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቷን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ።"

"ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሰው ያነበዋል እኮ።"

"ለእሷም የተጻፈውን ሰው አንብቦታል።"

ተጻፈ። እየተነበበልኝ ሁለት ቦታ አስተካከልኩ፤ አለስልሰውት ነበር። የይለፍ ቃሉን በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ትርፌ ደጅ ትጠብቀኝ ነበር። መንገዱ ደርቆ ሳለ ክንዴን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ የሁሴኖን ማረጋገጫ ራሴ ወሰድኩለት። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ ልጁን አየው። "መስማት ጀመረ ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ?" ብሎ ሳቀ። "የማይሰማው እኔ ነበርኩ" አልኩት። መሳቁን ተወና ተቀመጡ አለኝ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

በሚኒባስ አቦምሳ ሄድኩ። ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ። ጃንጥላውን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "አባት፣ እዚህ ዝናብ አይጠብቁ" ብሎ ቀለደብኝ።

ሶረቲን በእህቷ በፈናን እህል መሸጫ በር ላይ ጆንያ ስትሰፋ አገኘኋት። ተነሳች፤ ወንበር አመጣችልኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ። የኮሚቴውን ደብዳቤ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

"ይሄን ያስጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"ኤዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ወረቀቴን መቼ አነበቡት?"

"ጳጉሜ 4።"

"ስህተቱን ከማግኘትዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ፈናን ከውስጥ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ ትሰማለች። "በፊት" ማለት እችል ነበር፤ ማንም አያውቅም።

"በኋላ" አልኩ።

"እንግዲያው የቀደምኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ የቀደምሽው።"

ደብዳቤውን አጠፈችው። "ሰውዬው ይሄን ለማለት ነው ከአሰላ ድረስ የመጣው?" አለች ፈናን በኦሮምኛ፣ የማልሰማ ይመስል። "ስልክ የለውም እንዴ?"

"ስልክ አለኝ" አልኳት በኦሮምኛ። "በስልክ ያላባረርኳትን በስልክ አልመልሳትም።"

ፈናን አፏን ያዘች። ሶረቲ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን መለሰችው። ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ አለች፤ ሁለት ነገር ግን ትፈልጋለች። የይለፍ ቃሉ ለሁለት ሰው ይሁን፤ ደንብ ሲቀየር የሚጻፍበት ደብተር ይገዛ።

ጃንጥላዋን ሰጥቻት ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። "በሰላም ይግቡ፣ ኦቦ ቱፋ" አለች።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ጭላሎ ከሥር እስከ ጫፉ ታየ።

ሶረቲ ዛሬ ሥራ ጀመረች። ደብተሩን፣ ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ ገዝቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ በእጄ ሞልቼዋለሁ፦

"ሐምሌ 9፦ የቅደም ተከተል ደንብ ተቀየረ። የቀየረው ቱፋ። ማውጫው አልታደሰም። ለማንም አልተነገረም።

ነሐሴ 12፦ ስህተቱ ተገኘ። ያገኘችው ሶረቲ።

ጳጉሜ 4፦ ስህተቱ ተገኘ። ያገኘው ቱፋ። ማውጫው ታደሰ።"

ቆማ አነበበች። "ሦስተኛው ላይ 'ስህተቱ ተገኘ' ለምን ይደገማል? አንዴ ተገኝቷል እኮ።"

"ማን እንደቀደመ እንዲታይ።"

ብዕሯን አወጣች። የምትሰርዝ መስሎኝ ነበር። ከግርጌው "ተመርምሯል" ብላ ፈረመች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው።

እኔም ከሥሯ ፈረምኩ።